አንዱ ጋ የተሰበረው ሌላው ጋ እንዳይደገም፦ በጅማ የመለዋወጫ መረጃ የምንለዋወጥበት አሠራር

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። "ጋሼ፣ ማሽኑ ቆመብን። ኩሽኔታው ጮኸ ጮኸና ያዘው" አለኝ ልጁ። ከጅማ ወጣ ብሎ ያለ የእሸት ቡና መፈልፈያ ነው። ስደርስ የዕለቱ ቡና በጆንያ ደጁ ላይ ተደርድሯል። እሸት ቡና ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጆንያው ውስጥ ይግላል፣ መብላላት ይጀምራል፣ ጣዕሙ ይበላሻል። በባትሪ ብርሃን ፈታነው። ኩሽኔታው፣ ማለትም የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው የብረት ቀለበት (ቤሪንግ)፣ ከተገጠመ ገና 12 ቀኑ ነበር።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሻይ ቤት ከአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጥገና ባለሙያ ጋር ተቀመጥን። በዕድሜም በሙያም ይቀድሙኛል። ነገሩን ስነግራቸው ብርጭቆውን አስቀመጡ። "አየህ ልጄ፣ እኛም እኮ ባለፈው ወር ከእንደዚያው ዓይነት ካርቶን የወጡ ሦስት ኩሽኔታዎች ጥለናል። የውኃ ፓምፕ ላይ ነው የገጠምናቸው" አሉኝ። ከእሳቸው ወርክሾፕ እስከ እኔ ድረስ በባጃጅ ሃያ ደቂቃ አይሞላም። እሳቸው ያወቁትን እኔ አላወቅሁም። እኔ ያወቅሁትን ደግሞ ሌሎች ስንት መፈልፈያዎች አላወቁም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚህ ነው። ጅማ ውስጥ ማሽን የሚጠግን ሰው ብዙ ነው። ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ትልቅ ሆስፒታል አለ፣ የውኃ አገልግሎት አለ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ፣ መልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ከከተማው ዙሪያ እስከ አጋሮና ሊሙ ድረስ የቡና መፈልፈያና ማበጠሪያ ተዘርግቷል። ሁሉም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ኩሽኔታ፣ አንድ ዓይነት ቺንጋ (የማሽን ቀበቶ)፣ አንድ ዓይነት ኮንታክተር (የሞተር ኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ) ይገዛል። ብዙ ጊዜም ከአንድ ሰፈር ሱቆች ነው የሚገዛው።

አንዱ ያየውን የዕቃ ብልሽት ለሌላው የሚያሳውቅበት ይህ አሠራር አዲስ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1959 እ.ኤ.አ. የምድር ጦሩ፣ የባሕር ኃይሉና አየር ኃይሉ ተስማምተው ጀመሩት። ሚሳይል ላይ የሚገባን አንድ ዕቃ ሦስቱም ለየብቻቸው እየፈተኑ ገንዘብና ጊዜ ያባክኑ ነበር። "አንዱ የፈተነውን ሌላው ያንብብ" አሉ። ቆይቶ የግል ፋብሪካዎችም ገቡበት፤ ስሙም የመንግሥትና የኢንዱስትሪ የመረጃ ልውውጥ ፕሮግራም ሆነ። በእንግሊዝኛው ምኅጻር ጊዴፕ ይሉታል። አባል መሆን የሚችሉት የአሜሪካና የካናዳ ድርጅቶች ናቸውና እኛ አንገባበትም። ሐሳቡን ወስደን በራሳችን ልክ ከመሥራት ግን የሚከለክለን የለም።

መጀመሪያ ሰዎቹን አግኙ

ከድርጅት አትጀምሩ። ከሰው ጀምሩ። እጁ ግሪስ የነካ፣ ማሽን የሚፈታ ሰው ፈልጉ። ከመንግሥት ወገን ሁለት ወይም ሦስት፣ ከግል ወገን ሦስት ወይም አራት ይበቃል። ከመንግሥት በኩል የሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ፣ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ፣ የዩኒቨርሲቲ ወርክሾፕ ቴክኒሻን ይሁኑ። ከግል በኩል የቡና መፈልፈያ መካኒክ፣ የእንጨት ሥራ ወይም የዱቄት ወፍጮ ባለቤት፣ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ የሚጠቀልል ባለሙያ ይኑሩበት። ሞተር ጠቅላዩን አትርሱት። የከተማው የተቃጠለ ዲናሞ ሁሉ እጁ ስለሚገባ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

የንብረት ክፍል ሠራተኛም አንድ ይኑር። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሁሉንም ዕቃ አትያዙ

አብዛኛው እንዲህ ያለ ሥራ የሚሞተው በመጀመሪያው ወር ነው። ምክንያቱም ሰው ሁሉንም ልመዝግብ ይላል። እናንተ 20 ዕቃ ብቻ ምረጡ። መምረጫውም ቀላል ነው። በብዙ ቦታ የሚገጠም፣ ሲሰበር ሥራ የሚያቆም፣ ፎርጅዱ ገበያ ላይ የበዛ ዕቃ ይቅደም። እኔ ብመርጥ ከኩሽኔታ፣ ከቺንጋ፣ ከሞተር ካፓሲተር፣ ከኮንታክተርና ሞተሩ ሲጨናነቅ ኤሌክትሪኩን ከሚያቋርጠው ኦቨርሎድ፣ ከፓምፕ ማኅተም፣ ከፊልትሮ እጀምራለሁ። ሆስፒታሎች ደግሞ የኦክስጅን ማምረቻ መሣሪያ ፊልትሮና ማጣሪያ አሸዋውን ይጨምሩ።

የዕቃውን ስም አንድ አድርጉ

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ ሥሩ። መረጃ ልውውጥ ከሌላው ሁሉ በላይ የሚበላሸው በስም ነው። አንዱ "የፓምፑ ኩሽኔታ" ይላል፣ ሌላው "መካከለኛው ኩሽኔታ" ይላል፣ ሦስተኛው "ያቺ የ62 ሚሊ" ይላል። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

መፍትሔው ዕቃው ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ኩሽኔታ ላይ 6206 ተብሎ ታገኛላችሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በ5 አባዙ። 06 ሲባዛ በ5፣ 30 ይሆናል። የውስጥ ቀዳዳው 30 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። 6205 ከሆነ 25 ነው። ይህ ከ04 ጀምሮ ላለው ይሠራል። ከዚያ በታች ያሉት የራሳቸው ልክ አላቸው፦ 00 ማለት 10፣ 01 ማለት 12፣ 02 ማለት 15፣ 03 ማለት 17 ሚሊሜትር። 6206 እና 6306 ደግሞ ቀዳዳቸው እኩል ሆኖ ውጫቸው ይለያል። የመጀመሪያው 62 በ16፣ ሁለተኛው 72 በ19 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ "የ30 ኩሽኔታ" ብሎ መጻፍ አይበቃም።

ከቁጥሩ ቀጥሎ ያሉት ፊደሎችም ይጻፉ። 2አርኤስ ማለት በሁለቱም ጎን የጎማ ማኅተም አለው ማለት ነው። ዜድዜድ ከሆነ በሁለቱም ጎን የብረት ክዳን ነው። ውኃና ጭቃ ባለበት ቦታ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ጅማ ዝናብ አይጠፋባትም፤ የቡና መፈልፈያም ውኃ ሲረጭበት ይውላል። ሲ3 የሚል ካለ ደግሞ የኩሌዎቹ (ውስጡ የሚሽከረከሩት ኳሶች) ክፍተት ከመደበኛው ሰፋ ያለ ነው። ለሚግል ሞተር የሚመረጠው እሱ ነው። ሲ3 የነበረውን አውጥታችሁ መደበኛውን ገጥማችሁ ከሆነና ቶሎ ከያዘ፣ ዕቃው ፎርጅድ ስለሆነ ላይሆን ይችላል።

ቺንጋም እንዲሁ ነው። ቢ 62 ካለ፣ ቢ የስፋቱ ዓይነት ነው፤ ከላይ 17 ሚሊሜትር ይሰፋል። 62 ደግሞ የውስጥ ዙሪያው በኢንች ነው። ኤ ከሆነ ስፋቱ 13 ሚሊሜትር ነው። ሞተር ከሆነ መረጃው የተጻፈበትን የብረት ሳህን ፎቶ አንሱት። ኪሎዋት፣ ቮልት፣ የዙር ፍጥነት፣ እና አይፒ የሚለው ቁጥር ይታይ። አይፒ 55 ማለት አቧራም የሚረጭ ውኃም በቀላሉ የማይገባው ማለት ነው።

ሌላ ነገር። ጅማ ውስጥ ወርክሾፕ ኦሮምኛም አማርኛም ይናገራል። ስለዚህ የ20ውን ዕቃ ዝርዝር በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጁ። ቁጥሩ ግን አንድ ይሁን። ሰው በፈለገው ቋንቋ ይጥራው፤ 6206 በሁለቱም 6206 ነው።

የተሰበረውን አትጣሉ

እዚያ ሻይ ቤት ያገኘኋቸው ሰው ሦስቱን ኩሽኔታ ጥለዋቸው ነበር። እኔም የራሴን ጥዬዋለሁ። ስለዚህ "አንድ ዓይነት ናቸው" ለማለት በእጃችን ምንም አልነበረም። ያ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዛሬ እንዲህ አደርጋለሁ። ዕቃው ሲወጣ ሳልጠርገው ፎቶ አነሳዋለሁ። ቁጥሩ የሚታይበት አንድ፣ ጉዳቱ የሚታይበት አንድ፣ ካርቶኑ ካለ አንድ። ከዚያ በላስቲክ ከረጢት ከነግሪሱ አስገባዋለሁ። ግሪሱ ራሱ ይናገራል፤ ጠቁሮ ከሆነ ግለቱን፣ ወተት መስሎ ከሆነ የገባበትን ውኃ ያሳያል። ወረቀት አስሬበት የወጣበትን ቀን፣ የተገጠመበትን ቀን፣ ማሽኑን፣ የተገዛበትን ደረሰኝ ቁጥር እጽፋለሁ። ቢያንስ ሦስት ወር አስቀምጠዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ማየት። የኩሽኔታ ጉዳት ለሚያነበው ብዙ ያወራል። ኩሌው የሚሽከረከርበት መንገድ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ግሏል፤ ቅባት አጥቷል ወይም ከልክ በላይ ተጠብቋል። በመንገዱ ላይ እንደ ቆርቆሮ ሸንተረር የተደረደሩ መስመሮች ካሉ ኤሌክትሪክ አልፎበታል፤ የሞተሩን የመሬት መስመር ፈትሹ። በኩሌዎቹ ርቀት ልክ ትንንሽ ጎድጓዳ ምልክቶች ካሉ ደግሞ ሲገጠም በመዶሻ ተመቷል።

ይህን መጨረሻውን በጣም አስቡበት። በመዶሻ የገጠምነውን ኩሽኔታ ይዘን "ሱቁ ፎርጅድ ሸጠልን" ብንል ነጋዴውን በድለናል። የእኛንም ስሕተት ደብቀናል፤ ነገ አዲሱንም እንዲሁ እንሰብረዋለን። መረጃ መለዋወጥ ዋጋ የሚኖረው የራሳችንንም እጅ ስንመዘግብ ነው። እኔ ከጻፍኳቸው ሪፖርቶች አንዱ "ሲገጠም በቧንቧና በመዶሻ ነው የገጠምነው፣ ስሕተቱ የእኛ ነው" ይላል። ያንን አንብቦ አንድ ልጅ በዘይት አሙቆ መግጠምን ጠየቀኝ። አሳየሁት።

አጭር ሪፖርት ጻፉ

አንድ ገጽ አይለፍ። ስልክ ላይ የሚጻፍ ይሁን። ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ ያያችሁትን ጻፉ፣ የገመታችሁትን ለብቻው ጻፉ። ምሳሌ ላሳያችሁ።

"ዕቃው፦ ኩሽኔታ 6206 2አርኤስ። ማሽኑ፦ የእሸት ቡና መፈልፈያ፣ ባለ 3 ኪሎዋት ሞተር። የተገጠመበት፦ ኅዳር 3። የወጣበት፦ ኅዳር 15። የሠራበት ሰዓት፦ 110 ገደማ። የታየው፦ ያዘ፣ አልዞር አለ፤ የጎማ ማኅተሙ በአንድ ጎን ወጥቷል፤ ውስጡ ዝገት አለ። ያልታየው፦ ግለት ያሳየ ቀለም የለም፣ የመዶሻ ምልክት የለም። አገጣጠሙ፦ በፕሬስ። ግምታችን፦ ማኅተሙ ላልቶ ውኃ ገብቷል። ተመሳሳይ ስንት አለን፦ አራት፣ ገና ያልተገጠሙ።"

"ያልታየው" የሚለውን መስመር አትዝለሉት። አንባቢው "መዶሻ ይሆን?" ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ያገኛል። "ተመሳሳይ ስንት አለን" የሚለውም ትልቅ ነው። ያ አራት ኩሽኔታ ነገ ሌላ ማሽን ላይ ሊገባ ነው።

"ይህ ሱቅ ሌባ ነው" የሚል ቃል አይግባ። "ሁሉም የዚህ ምርት ቆሻሻ ነው" አይባል። አንድ ኩሽኔታ አይታችሁ ስለ ሺዎች አትፍረዱ።

ሻጩን ሳትጠይቁ ሪፖርቱን አትበትኑ

ጊዴፕ ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት ሥርዓት ይህ ነው። አንድ ድርጅት ስለ አንድ ዕቃ የብልሽት ማስጠንቀቂያ ሲጽፍ፣ ከመሰራጨቱ በፊት ለአምራቹ ይላካል። አምራቹ መልስ የሚሰጥበት 15 የሥራ ቀን አለው። መልሱም ከሪፖርቱ ጋር አብሮ ይወጣል። አንባቢው ሁለቱንም ወገን ያያል።

እኛ ጋ አምራቹ ሩቅ ነው። አስመጪውም አዲስ አበባ ነው፤ 350 ኪሎሜትር ገደማ። ቅርባችን ያለው ሻጩ ነው። እሱን አክብራችሁ ሂዱ። ዕቃውን፣ ደረሰኙን፣ ሪፖርቱን ያዙ። "ይህ ሆነብን። ሌሎችም ይዘውት ሊሆን ስለሚችል መረጃውን ልናካፍል ነው። እርስዎ የሚሉት ካለ አብረን እንጻፈው" በሉ። አምስት የሥራ ቀን ስጡት። ለእኛ ከተማ ይበቃል።

ምን ይሆናል? ከልምዴ ልንገራችሁ። አንዱ ይቆጣል። አንዱ ዕቃውን ይለውጥላችኋል። አንዱ ደግሞ የማታውቁትን ይነግራችኋል። አንድ ነጋዴ እንዲህ ብሎኛል፦ "ወንድሜ፣ ይህ ካርቶን ክረምት ላይ ዝናብ ነክቶት ነበር። ያንን መሸጥ አልነበረብኝም።" ይህ መረጃ የትም መጽሐፍ ላይ የለም። ሪፖርቱ ውስጥ ገባ፣ ስሙ ግን አልገባም። ቀሪውን ካርቶንም ከመደርደሪያው አነሳ።

የሰው ሕይወት የሚነካ ከሆነ ግን ቀን አትጠብቁ። የፍሬን ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ መከላከያ፣ የሕክምና መሣሪያ ከሆነ በዚያው ቀን አሳውቁ፤ የሻጩ መልስ በኋላ ይከተላል። የሕክምና መሣሪያ ከሆነ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም መድረስ አለበት። የእኛ ልውውጥ እሱን አይተካም።

ሦስት ዓይነት መልእክት ይብቃ

ሁሉም መልእክት "አስቸኳይ" ከተባለ ማንም አያነብም። ቀዩ ለደኅንነት ነው፦ አሁኑኑ ፈትሹ፣ አውጡ። ቢጫው ለብልሽት ነው፦ ስትገዙና ስትገጥሙ ተጠንቀቁ። አረንጓዴው ለምክር ነው፦ ይህን መለዋወጫ በዚህ ብትተኩት ሠርቷል፣ ይህ ዕቃ ገበያ ላይ ሊጠፋ ነው፣ ይህ ሱቅ ኦሪጅናሉን አስገብቷል። አረንጓዴው ብዙ ይሁን። ሰው ቡድኑን የሚከፍተው ክፉ ወሬ ብቻ ለመስማት አይደለም።

የቴሌግራም ቡድን ይበቃል። ግን ወሬ የሚወራበትና ሪፖርት የሚቀመጥበት ይለይ። ሪፖርት የሚለጥፈው አንድ ተረኛ ብቻ ይሁን፤ በየሦስት ወሩ ይቀያየር። እያንዳንዱ ሪፖርት ተራ ቁጥር ይኑረው። የታተመ ቅጂ በፋይል ይያዝ። ስልክ ይጠፋል፣ አባል ይለቅቃል፣ ፋይሉ ግን ወርክሾፕ ውስጥ ይቀራል።

ሰዓት ቁጠሩ

እስካሁን ያወራነው ስለ አንድ ብልሽት ነው። ስንት ጊዜ እንደሚሰበር ለማወቅ ደግሞ የሠራበትን ሰዓት መያዝ አለባችሁ። "ቶሎ ይበላሻል" የሚለው ቃል ምንም አይነግረንም። በቀን ሁለት ሰዓት የሚሠራ ፓምፕና ሌሊቱን ሙሉ የሚፈለፍል ማሽን አይወዳደሩም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ስምንት ማሽን አላችሁ እንበል። እያንዳንዱ በቀን 10 ሰዓት ለ50 ቀን ሠራ። ስምንት ሲባዛ በ10፣ ሲባዛ በ50፣ 4,000 ሰዓት ነው። በዚያ ጊዜ አምስት ኩሽኔታ ተሰበረ። 4,000 ለአምስት ሲካፈል 800 ሰዓት። በአማካይ በየ800 የማሽን ሰዓቱ አንድ ብልሽት አለ ማለት ነው። የሌላ ምርት ኩሽኔታ 2,000 ከሰጣችሁ፣ ዋጋው እጥፍ ቢሆን እንኳ ርካሹ እሱ ነው። ግዥ ክፍልን የሚያሳምነው ይህ ነው። "ጥራት የለውም" ስትሏቸው ዝቅተኛ ዋጋ ያሸንፋል። ሰዓቱን ስታሳዩዋቸው ግን የሚቀጥለውን ጨረታ መስፈርት አብረው ይጽፋሉ።

አማካዩ ብቻውን ግን ያታልላል። አምስቱ መቼ መቼ ተሰበሩ? ሦስቱ በመጀመሪያዎቹ 20 ሰዓታት ከሆነ ችግሩ እርጅና አይደለም። ወይ አገጣጠሙ ነው፣ ወይ ዕቃው ከፋብሪካው ወይም ከመጋዘን ጀምሮ ችግር አለበት። ሁሉም ከ700 እስከ 900 ሰዓት መካከል ከሆነ ደግሞ ዕድሜው ደርሷል፤ በ600 ቀድማችሁ ቀይሩት። ሁለቱ መፍትሔያቸው ፈጽሞ ይለያያል።

ሰዓት ቆጣሪ የሌለው ማሽን ካለ፣ ኦፕሬተሩ ሲያስነሳና ሲያጠፋ ግድግዳው ላይ በተሰቀለ ደብተር ይጻፍ። የቡና ወቅት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ስለሚጠናከር፣ የሦስት ወር ደብተር ብቻውን ብዙ ይነግራችኋል።

የኦክስጅን ማምረቻ መሣሪያ ደግሞ ከሰዓት በላይ የኦክስጅን መጠኑ ይመዝገብ። መሣሪያው ከአየሩ ናይትሮጅኑን የሚያስቀርበት ማጣሪያ አሸዋ እርጥበት አይወድም። ጅማ ደግሞ እርጥብ ናት። ንጽሕናው ከ82 በመቶ በታች ሲወርድ መሣሪያው ለታካሚ አይሆንም። በየሳምንቱ ተለክቶ ከተጻፈ መውረዱ ቀድሞ ይታያል። የፊልትሮ አጠባበቅ የተሻለበት ክፍል የትኛው እንደሆነም ይለያል። ሁለት የጤና ተቋማት ይህን ቁጥር ቢለዋወጡ ምን ያህል እንደሚጠቅም ሳስበው ልቤ ይነካል።

የመንግሥቱን በር እንዴት ታልፋላችሁ

የግል ሰው ሪፖርት ለመስጠት አለቃውን ይጠይቃል፣ አበቃ። የመንግሥት ሠራተኛ ግን ይፈራል። "የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር አወጣህ" እባላለሁ ይላል። ፍርሃቱ ልክ ነው፤ ስለዚህ በወረቀት ይያዝ። ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። የምንለዋወጠው የዕቃ ቁጥር፣ የብልሽት ዓይነትና የሠራበትን ሰዓት ብቻ ነው በሉ። የማንለዋወጠውንም ዘርዝሩ፦ የታካሚ ስም፣ የሠራተኛ ስም፣ ያልተከፈተ ጨረታ፣ የደኅንነት ቦታ ፎቶ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ ደብዳቤው በኦሮምኛ ይዘጋጅ፤ ቶሎ ይፈረማል።

የንብረት ክፍል ሠራተኛ ይኑር ያልኩት እዚህ ጋ ይመጣል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19 በሚባል ቅጽ፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ነው። የእነዚህን ቁጥሮች ሪፖርቱ ላይ ካሰፈራችሁ፣ ዕቃው ከየትኛው ግዥ እንደመጣና ስንት ወንድሞቹ መጋዘን እንዳሉ በአሥር ደቂቃ ይታወቃል። የተበላሸው ዕቃም እንዲሁ በከረጢት አይወጣም፤ የመንግሥት ንብረት ነው። ለምርመራ ለመውሰድ ንብረት ክፍሉ ይፈርም። ካልሆነ ቅን ሰው በንብረት ጉድለት ይጠየቃል።

በግሉ ወገን ያለው ጥንቃቄ ደግሞ ዋጋ ነው። ነጋዴዎችና ፋብሪካዎች ባሉበት ቡድን ስለ ወደፊት ዋጋና ስለ ጨረታ አይወራ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የዋጋ ስምምነትንና የጨረታ መመሳጠርን ይከለክላል። አንድ ሰው ቢጀምረው ተረኛው በዚያው ያስቁመው።

ዩኒቨርሲቲውን ጥሩት

ኪቶ ፉርዲሳ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለእኛ ቅርብ ነው። መምህራኑን ስትጠይቁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ሦስት ወር የሰበሰባችሁትን ከረጢትና ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። የመመረቂያ ሥራ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ሁልጊዜ አለ። እውነተኛ የተሰበረ ዕቃ፣ ከነሰዓቱና ከነታሪኩ፣ ለእሱ ትልቅ ስጦታ ነው። እናንተም ካሊፐር በሚሉት መለኪያና በዓይን የማታዩትን ታገኛላችሁ።

በየወሩ ተገናኙ፣ ሪፖርቱንም ዝጉ

በወር አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት። ቦታው በተራ በተራ ወርክሾፕ ይሁን። የሌላውን ማሽን በዓይን ማየት ብዙ ያስተምራል። የስብሰባው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ያልተዘጉ ሪፖርቶችን እያነበቡ "ይህን ያነበበ ምን አደረገ?" ብሎ መጠየቅ። ጊዴፕ አባላቱን በየዓመቱ "መረጃው ምን ጠቀማችሁ?" ብሎ ይጠይቃል። እኛ በየወሩ እንጠይቅ።

መልሱ በቁጥር ይጻፍ። "ሪፖርት 4፦ ሁለት መሥሪያ ቤት መጋዘን ፈትሸዋል፣ ሰባት ኩሽኔታ ተመልሷል፣ አንዱ ቀድሞ ተገጥሞ ስለነበር ወጥቷል።" ማንም ምንም ያላደረገበት ሪፖርት ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ስሙ ግልጽ ስላልሆነ ነው? ዘግይቶ ነው? ሪፖርቱ የሚዘጋው ሻጩ ሲመልስ፣ መጋዘን ያለው ሲጣራ፣ የተገጠመውም ሲታይ ነው። ሦስቱ ካልተሟሉ ክፍት ይቆያል።

ለመጀመር ቡና ወቅትን አትጠብቁ። ነሐሴ ላይ መፈልፈያዎቹ ለጥገና ይፈታሉ፤ ዕቃም የሚገዛው ያን ጊዜ ነው። የ20ውን ዕቃ ዝርዝር ሐምሌ ላይ ጨርሱ። ለኃላፊዎች ደብዳቤውን በዚያው ወር አስገቡ። ነሐሴ ላይ ማሽን ሲፈታ የሚወጣውን አሮጌ ኩሽኔታ ሁሉ በከረጢት ያዙ፤ የመጀመሪያዎቹ ሪፖርቶቻችሁ እነሱ ናቸው።